ክሱን በአስማሚ ጨረስነው፦ ከመደበኛው ችሎት ሌላ መንገድ ስትመርጡ ምን ታያላችሁ?

ገንዘባችሁን የያዘባችሁን ሰው ልትከሱ አስባችሁ ከሆነ፣ ወይም መጥሪያ ደርሷችሁ መልስ እያዘጋጃችሁ ከሆነ፣ ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው። እኔ በአንድ የንግድ ጠብ ምክንያት ሽማግሌ ፊት ተቀምጫለሁ፣ ክስ ከፍቻለሁ፣ የግልግል ዳኝነትን አጥንቼ ትቼዋለሁ፤ በመጨረሻ ጉዳዩ የተቋጨው በፍርድ ቤት አስማሚ ነው። በየደረጃው ያገኘን ሰው ሁሉ «በሰላም ጨርሱት» ይለን ነበር። ምክሩ መልካም ነው። ነገር ግን በሰላም መጨረሻው መንገድ ብዙ ነው፣ መንገዶቹም አንድ አይደሉም። ሽማግሌ ያስታርቃል፤ አስማሚ ያደራድራል፤ የግልግል ዳኛ ግን ይወስናል። አብዛኛው ሰው ከእነዚህ አንዱን የሚመርጠው ሐሳቡን ያመጣውን ሰው ስለሚያከብር ነው። ከዚያ በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር አለ፦ ያኛው ወገን ነገ ቃሉን ቢያጥፍ፣ በዚህ መንገድ ያገኘሁት ውጤት በምን ይፈጸማል?

የእንጨት ሥራ ድርጅት አለኝ። ለአንድ የእንግዳ ማረፊያ አልጋ፣ ቁም ሳጥንና ጠረጴዛ ሠርተን አስረከብን። ቀብድ ተቀብለን ነበር፤ ከዋጋው ሲሶ የሚበልጠው ግን ከርክክብ በኋላ የሚከፈል ነበር። ባለቤቱ «የቁም ሳጥኑ በር ተጣሟል፣ መሳቢያው አይገባም፣ ጠረጴዛው አብጧል» ብሎ ቀሪውን ያዘ። እኛ ደግሞ ዕቃው ሲወጣ ደህና እንደነበር እናውቃለን። ውላችን ላይ የነበረው «በመካከላችን አለመግባባት ቢፈጠር በሰላም እንጨርሳለን፤ ካልሆነ በሕግ ይታያል» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። ይህ መስመር በብዙ ሰው ውል ላይ አለ፤ ጠቡ በመጣ ቀን ግን ምንም አይመልስም። ማን ነው የሚያስማማን? በስንት ቀን ውስጥ? ወጪውን ማን ይችላል? ካልተስማማንስ ቀጥሎ የት እንሄዳለን?

ስለዚህ ገና ውል የምትፈራረሙ ሰዎች፣ ፍቅር ባለበት በዚያ ሰዓት እነዚህን ጥያቄዎች መልሱ። እኔ አሁን የማስገባው አንቀጽ ረጅም አይደለም፦ ቅሬታ ያለው ወገን በጽሑፍ ያሳውቃል፤ በ15 ቀን ውስጥ ፊት ለፊት ተገናኝተን እንነጋገራለን፤ ጠቡ የዕቃ ጥራት ከሆነ ሁለታችን የመረጥነው ባለሙያ አይቶ በጽሑፍ ይናገራል፤ በ30 ቀን ካልተቋጨ ማንኛችንም ፍርድ ቤት መሄድ እንችላለን። የቀን ገደቡን አትተዉት። ገደብ የሌለው ድርድር የሚጠቅመው ገንዘቡን የያዘውን ሰው ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሄድነው ወደ ሽምግልና ነው። ከእሱ ወገን ሁለት፣ ከእኛ ወገን ሁለት፣ ሁላችንም የምናከብራቸው አንድ አባት ሰብሳቢ ሆነው ተቀመጡ። ሁለታችንንም በትዕግሥት ሰሙን። ንዴቱን አበረዱልን፤ ከዚያ በፊት ስልክ እንኳ አንነሳሳም ነበር። በመጨረሻ «እነሱ ያስተካክሉ፣ አንተም ክፈል» ብለው መርቀውን ተለያየን። ሠራተኞቻችን ሄደው በሮቹን አስተካከሉ። ባለቤቱ ግን «ይህ ማስተካከል አይባልም» አለ። ሽማግሌዎቹን መልሰን ስንሰበስብ አንዱ የሚያስታውሱት እንዲህ፣ ሌላው የሚያስታውሱት እንዲያ ሆነ። የትኞቹ ዕቃዎች? እስከ መቼ? ክፍያው በአንድ ጊዜ ነው ወይስ በየወሩ? አንዱም አልተጻፈም።

በሽማግሌዎቹ አልፈርድም። ሽምግልና የተጣላን ሰው ለማቀራረብ የሚተካከለው የለም። ዘመድ ከዘመድ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ሲጋጭ፣ ነገም አብረው ለቅሶና ሠርግ ለሚቀመጡ ሰዎች እኔ ዛሬም ሌላ መንገድ አልመክርም። ነገር ግን ጠቡ ገንዘብና ዕቃ የሚቆጠርበት ከሆነ የተባለውን እዚያው ተቀምጣችሁ ጻፉት። ሕጉ ለዕርቅ ቦታ ሰጥቶታል፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 3307 ጀምሮ ስለዚህ ይናገራል፣ በቁጥር 3312 መሠረትም በተስማሚዎቹ መካከል ስምምነቱ ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። ይህ ጉልበት የሚኖረው ግን ምን እንደተስማማችሁ ማሳየት ስትችሉ ነው። ወረቀቱ ላይ ሁለታችሁ ፈርሙ፣ ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙበት። «እንደ ሽማግሌዎቹ አስተያየት» የሚል ቃል ከመጻፍ ይልቅ ቀን፣ መጠንና የዕቃውን ዝርዝር አስፍሩ።

ሌላም አለ፣ ይርጋ፤ ካለፈ ክስ የሚታገድበት የጊዜ ገደብ ማለት ነው። በውል ላይ ለሚቀርብ ክስ በጥቅሉ የተቀመጠው ጊዜ 10 ዓመት ነው፤ ለአንዳንድ ጉዳዮች ግን በጣም አጭር ጊዜ ተወስኗል፣ የተሸጠ ዕቃ ጉድለትን የሚመለከተው አንዱ ነው። ለሽምግልና ከመቀመጣችሁ በፊት የእናንተ ጉዳይ በስንት ጊዜ በይርጋ እንደሚታገድ ጠበቃ ጠይቁ። ባለዕዳው ዕዳውን ካመነ የይርጋው ቆጠራ ይቋረጣል፤ ስለዚህ በሽምግልናው ላይ ገንዘቡን አልክድም ካለ እሱን ብቻ እንኳ በጽሑፍ ያምንላችሁ።

ሽምግልናው ሳይይዝ ሲቀር ጠበቃ ጋ ሄድኩ። እኔ ያሰብኩት የግልግል ዳኝነት ነበር፤ ፈጣን ነው፣ ምስጢር ይጠብቃል፣ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ይዳኛል ሲባል ሰምቼ ነበር። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ጠበቃው ሲያስረዳኝ ያላሰብኳቸው ነገሮች ወጡ። የመጀመሪያው፣ ግልግል ዳኝነት ያለ ሁለታችን የጽሑፍ ስምምነት አይጀመርም። ጠቡ ከተነሳ በኋላም መስማማት ይቻላል፤ ግን ገንዘቡን ይዞ የተቀመጠ ሰው ለምን ይቸኩላል? ሁለተኛ፣ የዳኞቹን አበል የምንከፍለው እኛው ነን፤ ሦስት ዳኛ ቢቀመጥ ወጪው ከምንከራከርበት ገንዘብ ጋር ሲተያይ አልተመጣጠነም። ሦስተኛ፣ በአዋጅ ቁጥር 1237/2013 መሠረት ተዋዋዮቹ በሌላ ሁኔታ ካልተስማሙ በስተቀር በግልግል ዳኞች ውሳኔ ላይ ይግባኝ የለም፤ ለሰበር፣ ማለትም የሕግ ስህተትን ለሚያርመው የመጨረሻ ችሎት፣ የሚደርሰው መሠረታዊ የሕግ ስህተት ሲኖር ነው፣ እሱም በውል ካልቀረ። ይህ ለአንዱ በረከት ነው፣ ለሌላው ግን በር የሚዘጋ ነው። ትልቅ የግንባታ ውል ወይም ቴክኒካዊ ዝርዝር የበዛበት የኩባንያዎች ክርክር ላለው ሰው ግልግሉ ይበጃል። የአዲስ አበባ ንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት ለዚህ የሚሆን ተቋምና የራሱ ደንብ አለው። ለእኔ መጠን ግን አልነበረም።

ሁሉም ጉዳይ ለግልግል ዳኝነት እንደማይሄድም ያን ጊዜ ነው የተረዳሁት። ፍቺ፣ ጉዲፈቻ፣ ሞግዚትነት፣ ውርስ፣ ወንጀል፣ ግብር፣ ኪሳራ፣ የንግድ ማኅበር መፍረስ፣ ሊዝን ጨምሮ የመሬት ጉዳይ በአዋጁ ከግልግል ዳኝነት ውጭ ናቸው። በቅርብ የማውቀው ሰው በሊዝ ቦታ ክርክር ላይ የግልግል ዳኛ ለመምረጥ ሲደክም ከርሞ ኋላ ነው ይህን የሰማው። አስቀድማችሁ አጣሩ።

ውላችሁ ላይ የግልግል አንቀጽ ካለ ደግሞ ዘልላችሁ ክስ አትክፈቱ። ተከሳሹ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 244 መሠረት «ይህ በግልግል የሚታይ ነው» ብሎ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ሊያነሳ ይችላል፤ ፍርድ ቤቱ መቃወሚያውን ከተቀበለው ያጠፋችሁት ጊዜ ሁሉ ባክኖ ይቀራል። ተከሳሽ የሆናችሁም ልብ በሉ። መቃወሚያውን በመጀመሪያው ዕድል ካላነሳችሁት እንደተዋችሁት ይቆጠራል።

የእኛ ውል የግልግል አንቀጽ ስላልነበረው ክሱ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ተከፈተ። ተከሳሹ መልሱን ሰጠ፤ ዕቃው ጉድለት አለበት ብሎ ካሣ ጠይቆ ተከሳሽ ከሳሽም ሆነ። ክርክሩ እንዲህ እየሰፋ ሳለ ነው ጉዳዩን በፍርድ ቤት መር አስማሚነት ማየት እንደሚቻል በችሎት የተነገረን።

ልቤ አልወደደውም። «ከሽማግሌ የመጣነው ለዚህ ነው እንዴ?» ብዬ አሰብኩ። አሳቤ የተቀየረው ጠበቃው ልዩነቱን አንድ በአንድ ሲያስቀምጥልኝ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 የተዘረጋው ይህ አሠራር ከፍርድ ቤቱ ጋር የተያያዘ ነው፤ አስማሚው ጉዳዩን ከሚያየው ዳኛ የተለየ ሰው ነው፣ ከሁለታችንም ጋር ዝምድና የለውም፣ ውሳኔም አይሰጥም። እዚያ የተባለው ምስጢር ነው፤ «ይህን ያህል ልቀንስ» ብል ነገ በችሎት ማስረጃ ሆኖ አይቀርብብኝም። ካልተስማማን መዝገቡ ወደ ችሎቱ ተመልሶ ካቆመበት ይቀጥላል። ከተስማማን ደግሞ ፍርድ ቤቱ ሲያፀድቀው እንደ ማንኛውም ፍርድ ይፈጸማል። ከሽምግልናው ያጣሁት ይህን የመጨረሻውን ነበር።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ግን በከንቱ አለፈ። ባለቤቱ ራሱ አልመጣም፤ ወኪል ልኮ ነበር። ወኪሉ የያዘው ውክልና ሰፊ ነው፣ መሸጥ መለወጥ፣ መክሰስ መከሰስ ይላል። መታረቅ አይልም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት ወኪል ለመታረቅም ሆነ ለግልግል ዳኝነት ለመስማማት ልዩ ሥልጣን ያስፈልገዋል። ሰውየው ጨዋ ነበር፣ ሊያግዘንም ፈልጎ ነበር፤ ግን ቢፈርምም ፊርማው ዋጋ አይኖረውም። ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት የሌላኛውን ወገን ውክልና ቅጂ ጠይቁና «የመደራደር፣ የመታረቅና የዕርቅ ስምምነት የመፈረም» ሥልጣን መኖሩን አንብቡ። የእናንተንም ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ አስተካክሉ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ባለጉዳዩ ራሱ መምጣቱ ነው። የሚከፍለው እሱ ነው፣ የሚጎዳውም እሱ ነው፤ በስልክ እየጠየቀ የሚደራደር ሰው ደግሞ ሁሌም መልሱ «አይሆንም» ነው።

በቀጣዩ ቀጠሮ ባለቤቱ መጣ። አስማሚዋ ሁለታችንን አብረው ካዳመጡ በኋላ ለየብቻ አነጋገሩን። ለእኔ ጉዳዩ የዞረው በዚህ ክፍል ውስጥ ነው። እኔ ስለ ውሉ፣ ስለ ርክክብ ሰነዱ፣ ስለ ሠራተኞቼ ድካም ዘርዝሬ ስጨርስ አስማሚዋ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «ሙሉ በሙሉ ቢፈረድልዎት ገንዘቡን ከምን ላይ ያስፈጽማሉ?» መልስ አልነበረኝም። ሕንፃው የኪራይ ነው። ያለው ንብረት እኛው የሠራነው አልጋና ቁም ሳጥን ነው። ያንን በሐራጅ ማሸጥ ለእኔ ምን ይጠቅመኛል? ይግባኙ፣ አፈጻጸሙ፣ ሐራጁ ሁሉ በፊቴ ተደረደረ።

ከእሱ ጋር ምን እንደተነጋገሩ አላውቅም፤ ስንመለስ ግን የተናገረው አስገረመኝ። ከካሣው ይልቅ የጨነቀው እንግዳ የሚበዛበት ወቅት ሳይደርስ ክፍሎቹ መዘጋጀታቸው ነበር። እኔ ዋጋ ለማስቀነስ የሚሟገት መስሎኝ ነበር። እሱ ደግሞ እኔ ዳግመኛ ሠራተኛ አልልክም ያልኩ መስሎት ነበር። በክስና በመልስ ወረቀት ላይ ይህ አይጻፍም፤ እዚያ የሚጻፈው ገንዘብና የሕግ ቁጥር ብቻ ነው።

የቀረው የጉድለቱ ጥያቄ ነበር፦ እንጨቱ ነው ወይስ ክፍሉ? በዚህ ላይ ስንጨቃጨቅ አስማሚዋ ሁለታችንም የማናውቀውን የእንጨት ሥራ ባለሙያ እንድንመርጥና የሚለውን አስቀድመን ለመቀበል እንድንፈርም ሐሳብ አቀረቡ። ከምንም በላይ የምመክራችሁ ይህን ነው። ጠባችሁ የጥራት፣ የልኬት ወይም የሂሳብ ከሆነ፣ ሕግ ከመከራከራችሁ በፊት በእውነታው ላይ አንድ ገለልተኛ ዓይን አሳዩት። ባለሙያው ሲመረጥ ሦስት ነገር አረጋግጡ፦ ከማንኛችሁም ጋር የሥራ ግንኙነት እንደሌለው፣ የሚመልሰው ጥያቄ በጽሑፍ መቀመጡን፣ ክፍያውን እኩል መካፈላችሁን። የእኛ ባለሙያ ዕቃውን በየክፍሉ ዞሮ አየ። ከቁም ሳጥኖቹ በሮች ከፊሎቹ በደንብ ካልደረቀ እንጨት የተሠሩ ናቸው አለ፤ ጠረጴዛዎቹ ግን ያበጡት ከመታጠቢያ ቤት በሚሰርግ ውኃ ነው አለ። ሁለታችንም ዝም ብለን ፈረምን።

ከዚያ በኋላ የቀረው ስምምነቱን መጻፍ ነው፣ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ስምምነቱ የፍርድ ቤቱን ስምና የመዝገብ ቁጥሩን፣ የተከራካሪዎቹን ስምና አድራሻ፣ የተስማማችሁበትን ጉዳይ ሊይዝ ይገባል፣ ፊርማም ያስፈልገዋል፤ ይህን የሥነ ሥርዓት ሕጉ ራሱ ይጠይቃል። ከዚህ በላይ እኛ ያስገባናቸው ነገሮች ናቸው ኋላ ያዳኑን። የምንተካቸው በሮች በክፍል ቁጥር ተዘረዘሩ። የምንጨርስበት ቀን ተጻፈ። ሥራውን ማን እንደሚረከብና በምን ሰነድ እንደሚረከብ ተጻፈ። ቀሪው ገንዘብ በየወሩ የሚከፈልበት ቀንና የባንክ ሂሳብ ተጻፈ። አንድ ክፍያ ከዘገየ ቀሪው በሙሉ በአንድ ጊዜ የሚከፈል እንደሚሆን ተጻፈ። የዳኝነት ክፍያውና የጠበቃው ወጪ በማን ላይ እንደሚያርፍ፣ ተከሳሹ ያቀረበው የካሣ ጥያቄም መዘጋቱ ተጻፈ። ሁለታችንም ስምምነቱ በመዝገቡ ላይ ሰፍሮ እንዲፀድቅ ጠየቅን፣ ፍርድ ቤቱም ለሕግና ለሞራል ተቃራኒ አለመሆኑን አይቶ አፀደቀው። ስምምነቱን ኪሳችሁ ከታችሁ፣ ክሱን አንስታችሁ ብቻ አትሂዱ።

እኛ በሮቹን በቀኑ ተክተን አስረከብን። እሱም መክፈል ጀመረ፤ መሀል ላይ ግን አንድ ወር አለፈው፣ ስልክም አላነሳ አለ። በሽምግልናው ጊዜ ቢሆን እንደገና ሰው መላክ፣ እንደገና መለመን ነበር። አሁን የፀደቀውን ስምምነት ይዤ የአፈጻጸም መዝገብ ከፈትኩ። ስለ በር፣ ስለ እንጨት፣ ስለ ውኃ የጠየቀኝ የለም፤ ያ ሁሉ አልቋል። መጥሪያው ሲደርሰው ቀሪውን በሙሉ ከፍሎ መዝገቡ ተዘጋ። ዛሬ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን።

ይህን ስጽፍ አስማሚነት ለሁሉ ይሆናል እያልኩ አይደለም። ያኛው ወገን የሚያስፈራራችሁ ከሆነ፣ ፊቱ ተቀምጣችሁ በነፃነት መናገር የማትችሉ ከሆነ፣ እኩል ድርድር የለም። ንብረቱን እየሸጠ ወይም በሌላ ሰው ስም እያዛወረ ከሆነ መጀመሪያ እግድ ጠይቁ፤ ድርድሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ሰነዱ ሐሰተኛ ነው የምትሉ ከሆነ ማስረጃ ተመርምሮ ፍርድ ቢሰጥበት ይሻላል። ለጊዜ መግዣ ብቻ የሚመጣም አለ። እሱን የምታውቁት በየቀጠሮው አዲስ ሰበብ ይዞ ሲመጣ፣ ቁጥር ሲጠየቅ ግን «እንነጋገራለን» ሲል ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በቀን ገድቡት፣ ካለፈ መዝገቡ ወደ ችሎት ይመለስ በሉ።

ለድርድር የምትቀመጡም ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ከቀጠሮው በፊት በነበረው ምሽት ለብቻችሁ ተቀምጣችሁ ከዚህ በታች አልወርድም የምትሉትን መጠን ጻፉ፣ ለማንም አታሳዩት። ከጎኑ ፍርድ ቤት ብትቀጥሉ የምታወጡትን ገንዘብና ጊዜ ጻፉ። ከገንዘቡ ሌላ የምትፈልጉትንም ጻፉ፤ የተያዘ ሰነድ መመለስ ሊሆን ይችላል፣ ይቅርታ ሊሆን ይችላል፣ ቀጣይ ሥራ ሊሆን ይችላል። ፍርድ የሚሰጣችሁ በክሱ የጠየቃችሁትን ብቻ ነው፤ በስምምነት ግን ከዚያ ውጭ ያለውንም ማግኘት ይቻላል።

«መዝገባችን ርቆ ሄዷል፣ አሁን አይሆንም» የምትሉ ካላችሁ፣ ይሆናል። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 274 ጀምሮ ተከራካሪዎች በማንኛውም ጊዜ መታረቅ እንደሚችሉ ይፈቅዳል፤ በራሳችሁ ፈቃድም ሆነ ፍርድ ቤቱ ሐሳቡን አንስቶ። ምስክር ከተሰማ በኋላም ቢሆን አትተዉት። በሚቀጥለው ቀጠሮ ችሎት ፊት ስትቆሙ ጉዳዩ ወደ አስማሚ እንዲመራላችሁ ጠይቁ።